ማለፊያ

ቁልፌ ደረቴን ይደርሳል፣ ብረት ነው ከነእጀታው፤
ሰፈር ለሰፈር ውሃውን የሚፈታው፣ የሚዘጋው።
ማክሰኞ ለማራኪ ነው፣ ሐሙስ ደግሞ ለአራዳ፤
ከአንገረብ ደለል ተርፎ ከመጣ፣ ውሃው እንደ እንግዳ።
ጆሮዬን ብረቱ ላይ ጥዬ የቧንቧ ድምፅ እለያለሁ፤
ከመሬት ሥር ማን እንደታመመ፣ ከባለቤቱ ቀድሜ አውቃለሁ።
ሙሉው መስመር እንደ ወፍራም ሰው ይተነፍሳል፣ ቀስ እያለ፤
የጠበበው ግን ያፏጫል፣ ጥርሱ እንደጎደለ።

ትርንጎ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ።
ወደ ጉበቷ የሚገባው በር፣ ዋናው ደም ሥር፣ ከጨቅላነቷ
ተደፍኖባት፣ ደሟ መንገድ አጥቶ፣
በጉሮሮዋ ሥር ተጠራቅሞ፣ አብጦ፣
አንድ ሌሊት ፈነዳና ጋቢዬን አቀላው።
ሳሙና በር ላይ ባጃጅ ስለምን፣ እጄን ያየ ሁሉ ሸሸኝ፤
የገደልኩ መሰለው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አዲስ አበባ፣
ከአንገቷ ደም ሥር ቆርጠው ወሰዱ፤ ከሆዷ ተነሥቶ ጉበቷ ገባ።
“ማለፊያ ሠራንላት” አሉኝ ሐኪሞቹ።
“እሰይ፣ ማለፊያ!” አልኩ እኔም፤
ዞር ብለው ሳቁ ተለማማጆቹ።

አሁን ግን፣ ከመስቀል ወዲህ፣ በግራ ጎኗ እንደገና
ጣፊያዋ ገፍቶ መጣ፤ ቀሚሷ አልቆለፍ አለ፣ ጠበበና።
አፍንጫዋ ይነስራል። አንድ ማታ የሒሳብ ደብተሯ
ላይ ቀይ ነጥብ አየሁና፣ እርማት መሰለኝ የመምህሯ።

ዶክተር ምንተስኖት ሆዷን ቀባ፣ መሣሪያውን አሳረፈ፣
የደሟን ድምፅ ከፍ አደረገው፤
ቀጭን ፉጨት ክፍሉን አቋርጦ አለፈ።
ሳይነግረኝ ነገርኩት፦ “ጠቧል።
መገጣጠሚያው ላይ ነው፣ በላይኛው ጫፍ።”
ቀና ብሎ አየኝ፦ “ማን ነግሮዎታል?”
“ሥራዬ ነው” አልኩት።

“ዳግም በቢላ አንነካትም። በቀጭን ሽቦ መርተን
ፊኛ እናስገባለን፤ የጠበበው ቦታ ላይ ነፍተን፣
ሲሰፋ አስተንፍሰን እናወጣዋለን።”
ትርንጎ ከአልጋው፦ “ምን ዓይነት ቀለም ነው ፊኛው?”
“ቀለም የለውም” አለ፣ እንደማፈር ብሎ።
“እንግዲያው ቢጫ ይሁን።”
ከወረቀቱ ዳር ጻፈላት፦ ቢጫ።

ቀጠሮው ማክሰኞ ዋለ። ቁልፉን ለማን ላስረክብ?
ይዤው መጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ አስደግፌው ተቀመጥኩ፤
ስልኬ ይጮሃል፣ አያርፍም፦
“ማራኪ ደርቋል! ሕፃን አናጥብም? የት ገብተህ ነው?”
“አንተ ሰው፣ ያንተንም ቧንቧ አምላክ ይድፈነው!” አለች አንዲቷ።
በሌላ ቀን እስቅ ነበር። ስልኩን ፊቴን አዙሬ ዘጋሁት።
መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ አጓራ።
ይህን የሚያህል ሰፈር አስጠምቼ፣
የእርሳስ ጫፍ በማታክል ቀዳዳ እጨነቃለሁ፤
ቢፈርድብኝም ይፍረድ።

ዶክተሩ ጭምብሉን አውርዶ ወጣ፣ ቅንድቡ ላብ ይዟል፦
“ማለፊያ ነው።”
የቱን ነው? የመንገዱን ስም ነው ወይስ የምሥራች?
ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ቀረ።
ገባውና፣ “ሁለቱም” አለኝ፣ “ግን ተመልሶ ይጠብ ይሆናል፤
በሦስት ወር አምጣት፤ ከዚያም በሦስት ወር።”
ይህንስ አላጣሁትም። አንዴ ተጠርጎ የሚተው መስመር
አላየሁም እኔ፣ በሃያ ሁለት ዓመት፤
ደለል ይሄዳል እንጂ አይሰናበትም።

ማራኪን የከፈትኩት በጨለማ ነው፤
ጀሪካኑም ስድቡም ተሰልፎ ጠበቀኝ፤ ሁለቱንም ሞላሁ።

ቤት ስንመለስ ሆዷ ላይ ጆሮዬን ጣልኩ።
ያለ መሣሪያ አይሰማም ብሎኛል ሐኪሙ፤ እኔ ግን ጣልኩ።
“አባዬ፣ ምን ይላል?”
“ዝም በይ፣ ልስማበት።”
ትንሽ ዝም አለችና፦ “ቢጫው ፈነዳ ወይ?”
“አልፈነዳም።”
“ታዲያ ለምን አልሰጡኝም?”